በላኩ

ወለላን በዚያ ትምህርት ቤት፣ ከሁለት ጓደኞቿ በቀር፣ በስሟ የሚጠራት መምህር ብቻ ነበር፤ እሱም የስም መጥሪያው ፊቱ ተዘርግቶ ስላለ ነው እንጂ ፈልጎ አይዶለም። የቀረው ሁሉ «በላኩ» ነው የሚላት። ወንዱ ይላል፣ ሴቷ ትላለች፣ የበሩ ዘበኛ ሳይቀር «በላኩ፣ ዛሬስ አረፈድሽ» ይላታል፤ ስድብ መሆኑ ከነጭራሹ ጠፍቶት፣ ደግ ሰው ነኝ ብሎ፣ ፈገግ እያለ። ስድብ እንደዚያ ሲለመድ ነው የሚከፋው። የሰደበሽ ሰው መሳደቡን ካላወቀ ምኑን ትመልሽለታለሽ?

ስሙ እንዴት እንደ ወጣላት ይነገር፤ ጣጣው ሁሉ የመጣ ከሱ ነው።

ወለላ የቁንዝላ ልጅ ናት። ቁንዝላ ከጣና ዳር ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የምትሄደው መርከብ በመንገዷ ቆም ብላ ሰውና እህል የምታወርድባት። አባቷ ገና ዳዴ ስትል ሞተ። እናቷ እናትዓለም ዓሣ እያደረቀች፣ ገበያ እያወጣች አሳደገቻት፤ ስምንተኛን ስትጨርስ «እዚህ ተቀምጠሽ እኔን ከምትመስይ፣ ሂጅና ራስሽን ምሰይ» ብላ ባሕር ዳር ሰደደቻት። ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ፣ አልጋና ሳጥን ከገባ በኋላ ሰው በጎኑ የሚያልፍባት አንዲት ክፍል ተከራየችላት፤ የደረቀ ዓሣ በማዳበሪያ ከረጢት አስታቅፋት ተመለሰች።

በመጀመሪያው ቀን መምህሩ «መቼ ደረስሽ?» አላት።

«ትናንት ደረስሁ።»

ክፍሉ ሳቀ።

ምኑ ያስቃል? በዚያ አገር እንዲህ ነው የሚባለው። ደረስሁ፣ ተማርሁ፣ ወረድሁ ተብሎ ነው ልጅ የሚያድግ፣ ሽማግሌ የሚያስታርቅ፣ ሰው ለነፍስ አባቱ የሚናዘዝ። ግን ክፍሉ ውስጥ ለፋብሪካው፣ ለኮሌጁ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ከየአገሩ ተቀጥሮ የመጣ ሰው ልጅ ሞልቷል፤ እነሱ ደረስኩ ነው የሚሉ። እነሱስ ይሁን፣ አልሰሙትም እንበል። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት ግን አምና ራሳቸው ደረስሁ ሲሉ የነበሩት የሹም አቦ ሰፈር ልጆች ናቸው። ትናንት ያወለቁትን ቀሚስ ሰው ለብሶት ሲያዩ የሚስቁ።

ወለላ ማታ ክፍሏን ዘግታ ሁ የምትባለዋን ድምፅ ከአፏ ለቀመቻት። ሄድሁን ሄድኩ አደረገች። ተማርሁን ተማርኩ አደረገች። እያንዳንዷን ቃል እንደ ምስር አንገዋለለች። አንድ ያልነገሯት ነገር ነበር፤ የአዲስ አበባ ሰውም ቢሆን በላሁ ነው የሚል። ሰማሁ፣ መጣሁ፣ ረሳሁ ነው የሚል። እዚያ ላይ ሲደርስ የአዲስ አበባና የቁንዝላ ሰው አንድ አፍ ነው። ማን ይንገራት? ልጅቱ ሁን ባገኘችበት ሁሉ አሳደደች።

በማግሥቱ የባልትና መምህሯ «ቁርስ ምን በላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ወለላ እጇን አወጣች። ተዘጋጅታ ነው የመጣች፤ ኩራትም ሳይሰማት አልቀረም።

«ዓሣ በላኩ።»

ሳቁ እስከ ደወል አልበረደም። ከወንዶቹ አንዱ ዴስኩን እየደበደበ አለቀሰ። መምህሯ ራሷ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታየ። ስሙ በዚያው ቀን ወጣ፤ ሁለት ዓመት አልወረደም።

ከዚያ ወዲህ ወለላ «እኔ እንዲህ አደረግሁ» ማለትን እርግፍ አድርጋ ተወች። ሁም ኩም ፈራች። «ቤት ሥራሽን ሠራሽ?» ሲሏት «ተሠርቷል» ትላለች። «የት ሄደሽ ነበር?» ሲሏት «ገበያ ተሂዶ ነበር»። መምህራኑ ትሕትና መሰላቸው፤ «ጨዋ ልጅ» አሏት። ትሕትና አይዶለም። አንዲት ልጅ ከገዛ ንግግሯ ውስጥ ተገፍታ ወጥታ፣ የሠራችው ሁሉ ማንም ያልሠራው መስሎ ሲቀር ነው ትሕትና የሚባል? ፈተና ላይ ግን ብዕር አያፍርም፤ ከክፍሉ አንደኛ ነበረች።

ሁለት ጓደኞች ነበሯት። አንደኛዋ አጠገቧ የምትቀመጠው ዘይነት ናት፤ አባቷ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ፤ አፏ እንደ መቀስ የሆነች። ሁለተኛዋ እሌኒ ናት፤ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ የፋብሪካ ሒሳብ ሹም ልጅ። እሌኒ ከኋላ ተቀምጣ የወለላን ሒሳብ በትከሻዋ ላይ እያየች ትገለብጣለች፤ በምትኩ ፀጉሯን ትሠራታለች፣ የከተማ ወሬ ታወራታለች። ከሁሉም በላይ ፊት ለፊቷ አንድ ቀን «በላኩ» ብላት አታውቅም። ወለላ ለዚህ ስትል ነፍሷን ትሰጣት ነበር።

እንዲያውም ለጥምቀት ቁንዝላ ወሰደቻት። እናትዓለም የከተማ እንግዳ መጣልኝ ብላ መኝታዋን ለቀቀችላት። እሷ መደብ ላይ ተኛች። ዓሣውን በበርበሬ ለውሳ አቀረበች፤ እሌኒ አንዴ ጎርሳ ስታቆም አጠገቧ ተንበርክካ «እህ፣ ምነው ልጄ፣ ጥርኝ አፈር ልሁንልሽ፣ ይችን ብቻ፣ በሞቴ ይችን ብቻ» እያለች አጎረሰቻት። እናትዓለም እንዲህ ናት፤ ከመናገሯ በፊት «እህ» ብላ ትንፋሽ ትስባለች፤ ቃሉን ሁለት ጊዜ ትደግማለች። ሰው ካልጠገበ እሷ ታመመች ማለት ነው።

«እትዬ እናትዓለም፣ እርስዎኮ ሲናገሩ ደስ ይላሉ» አለች እሌኒ። «እንደገና ይበሉት እስቲ።»

«ምኑን ልጄ?»

«ያንን፤ ጥርኝ አፈር የሚሉትን።»

እናትዓለም ሳቀችና ደገመችላት። እሌኒ ደግማ አለችው። እናትዓለም «ቁርጥ የቁንዝላ ሰው» ብላ አጨበጨበች።

በግንቦት የፊልም ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሊከበር ነው፤ ስለ ተማሪው ወጣት ፊልም ይሠራል ተባለ። አለቃቸው ጓድ መርስዔ ኀዘን ይባላል፤ ጥቁር መነጽር ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚዞር፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሲቆጣም ፈገግ የሚል ሰው። ተማሪውን ሁሉ ሜዳ ላይ አሰልፎ፣ በሬ እንደሚገዛ ሰው፣ ጥርስና ጫማ እያየ መረጠ።

«ፊልሙ ውስጥ ተማሪው በየዓይነቱ አለ» አለ። «ጀግና አለ፣ ዱርዬ አለ፣ ቀለሜ አለ፣ ዘመናዊት አለች፣ የአሻጥረኛ ነጋዴ ልጅ አለች፣ ባላገር አለች።»

ጀግናውን የትምህርት ቤቱ የወጣት ማኅበር ሊቀ መንበር ቢያዝንን አደረገው፤ ረጅም ነዋ። ኮሌታውን ያቆመውን ልጅ ዱርዬ አደረገው፤ ልጁ ዲያቆን ነው፣ ኮሌታው የቆመው ተቀዶ ስለ ተሰፋ ነው። ዘይነትን የአሻጥረኛ ነጋዴ ልጅ አላት።

«አባቴ ጨርቅ ነው የሚሸጥ» አለች ዘይነት።

«እዚህ ላይ ስኳር ይደብቃል።»

«እሱ እንኳ በደበቀልን ጓድ፤ ሻይ በጨው ጠጥተን ነው የመጣን።»

ሰልፉ ሳቀ። ዘይነት ከምርጫው ወጣች፤ በእግዜር ቸርነት ሳይሆን በአፏ። እሌኒን ዘመናዊት አደረጋት። ሌላዋን፣ ዓይኗ ደኅና የሚያይላትን ልጅ፣ መነጽር አጥልቆ ቀለሜ አላት።  ወለላ ይህን ስታይ ከሰልፉ ወጣች፤ በሁለት ዓመት የመጀመሪያዋ ነው።

«ጓድ፣ ከክፍል አንደኛ የሚወጣው እዚህ ነው» አለች፣ ደረቷን እየነካች። «ቀለሜዋ ለዚህ ትሰጥ።»

«ቀለሜ መነጽር ታደርጋለች።»

«መነጽር አይደረግም።»

«እኮ» አለ ጓድ መርስዔ ኀዘን፣ ፈገግ ብሎ። ከዚያም ወደ ሰልፉ ዞረ። «ከእናንተ ውስጥ ባላገር ማን ነው?»

ያ ሁሉ ጣት፣ ያ ሁሉ የሹም አቦ ጣት፣ በአንድ ጊዜ ወደሷ ተቀሰረ። «በላኩ» አሉ። «በላኩ ናት።»

«በላኩ ማለት ምንድን ነው?»

ማንም ሳይቀድማት እሌኒ ነገረችው። በሳቅ፣ እጇን እያወናጨፈች፣ እንደ መምህሯ አድርጋ፣ እንደ ወለላ አድርጋ። ጓዱ ጥቁር መነጽሩን አውርዶ ዓይኑን ጠረገ። «ይህማ ፊልሙ ውስጥ ይገባል» አለ።

ወለላ እሌኒን አየቻት። እሌኒ «ለጨዋታ ነው እኮ» አለች፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ በከንፈሯ ብቻ።

የፊልሙ ታሪክ ይህ ነው። ባላገሯ እንስራ አዝላ ትምህርት ቤት ትመጣለች። ሰሌዳውን አይታ ትደነግጣለች። ጀግናው «ቁርስ በላሽ?» ሲላት «ዓሣ በላኩ» ትላለች፤ ክፍሉ ይስቃል። ኋላ ማኅበሩ ያነቃታል፤ ፀጉሯን ታጥባ፣ ኩታዋን ጥላ፣ መፈክር ታሰማለች። ወለላ እንግዲህ ይህን ልትሆን ነው። እስካሁን «በላኩ» የአንድ ግቢ ስም ነበረ፤ ትምህርቷን ጨርሳ ከግቢው ስትወጣ እዚያው ይቀር ነበር። ፊልም ከሆነ ግን ጎንደር ይሄዳል፣ ደሴ ይሄዳል፣ አዲስ አበባ ይሄዳል። የትም ብትሄድ ቀድሟት ይደርሳል። 

እምቢ አለች።

ቢያዝን ወደ ማኅበሩ ቢሮ ጠራት። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ጠረጴዛ የሰጡት ልጅ ነበር። «የአብዮት ሥራ ነው» አላት። «የአብዮት ሥራ እምቢ የሚል ምን እንደሚባል አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ።» ከዚያ ወዲያ አላለም። በዚያን ጊዜ ያችን ቃል እስከ መጨረሻዋ የሚናገራት ሰው አያስፈልግም።

«ይሠራል» አለች ወለላ። «ግን ያ ቃል አይባልም።»

ጣና ዳር፣ ዋርካው ሥር ካሜራውን ተከሉ። ከመጀመሩ በፊት ጫማዋን አስወለቋት። ከቁንዝላ ተጫምታው የመጣች የላስቲክ ጫማ ነው፤ «ባላገር ጫማ የላትም» አሏት። ፀጉሯን ቅቤ ሊቀቧት ፈለጉ፤ ቅቤ ከገበያ ስለ ጠፋ የቆርቆሮ ማርጋሪን ቀቧት። የባላገር እንስራ ብለው ያዘሏት ከሆቴል የተዋሱት የጠላ ጋን ነው። ዘይነት ከዋርካው ማዶ ቆማ «ይችን የሚያመርት አገር የት ነው?» ስትል ተሰማች።

ቢያዝን ደረቱን ነፍቶ መጣ። «ቁርስ በላሽ?»

«አዎን፣ ዓሣ በላሁ።»

«ቁሙ» አለ ጓድ መርስዔ ኀዘን። «በላኩ ነው።»

«በላሁ ነው የሚባለው ጓድ።»

«እሱማ በትክክለኛው ነው። አንቺ የምትናገሪው በባላገርኛ ነው።»

«በባላገርኛም በላሁ ነው። እርስዎስ ምሳዎን ሲበሉ ምን ይላሉ?»

«እኔማ በላሁ ነው የምለው።»

«እኮ» አለች ወለላ።

ካሜራ የያዘው ሰው ሳቁ አመለጠው። ጓዱ ፈገግታውን አልለቀቀም። «ታዲያ እዚያ ክፍል ውስጥ በላኩ ያለው ማን ነው? አንቺ አይደለሽም?»

«ተፈርቶ ነው የተባለው።»

እንደገና ተነሣ፤ በላሁ አለች። እንደገና ተነሣ፤ በላሁ አለች። ማርጋሪኑ በፀሐይ ቀልጦ ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ አልጠረገችውም። ጓዱ ቀረብ ብሎ የፊልሙ ጥቅል ከውጭ አገር በዶላር እንደሚመጣ፣ በሷ እልህ የሕዝብ ሀብት እየነደደ እንደሆነ ቀስ ብሎ ነገራት። «እሺ፣ እናትሽ እንዴት ነው የምትናገረው? እንደ እናትሽ አድርገሽ በይው» አላት።

«እናቴ እዚህ የለችም» አለች። «እናቴ አትመጣም እዚህ።»

 ሰውየው እጁን አወዛወዘ። «እሺ፣ ተይው። ከንፈርሽ ይንቀሳቀስ ብቻ፤ እንዳሻሽ በይ።»

ወለላ ማርጋሪኗን በጣና ውኃ ታጥባ፣ ጫማዋን ተጫምታ ወደ ቤቷ ሄደች። ያሸነፈች መሰላት። የፊልም ሰው «እንዳሻሽ በይ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ከየት ታውቀዋለች?

በክረምቱ እሌኒ «አክስቴ ጋ» ብላ አዲስ አበባ ሰነበተች። ስትመለስ ለወለላ የፀጉር ማስያዣ አመጣችላት። ስትሰጣት ሌላ ሌላውን ታያለች።

መስከረም ጠባና በዓሉ በተከበረበት ሳምንት ፊልሙ ሲኒማ ቤት ከሰዓት በኋላ እንደሚታይ ተነገረ። ወለላ ለእናቷ መልእክት ላከች፤ «ነይና እዪኝ፣ የሚያሳፍርሽ ነገር የለም» ብላ። እናትዓለም በመርከቧ መጣች። ነጠላዋን አጥባ፣ ለእሌኒ ብላ ለብቻው የቋጠረችውን የደረቀ ዓሣ ይዛ። ሲኒማ ቤት ገብታ አታውቅም። ጨለማ ሲሆን የልጇን እጅ ያዘች። በወዲያኛው በኩል ዘይነት ተቀምጣለች። እሌኒ ከፊት ወንበር፣ ከጓድ መርስዔ ኀዘን አጠገብ ነበረች።

ፊልሙ ተጀመረ። ጣና ታየ፤ ዋርካው ታየ። ከዚያ ወለላ ራሷ ታየች፣ ቤት አክላ፣ ጋኗን አዝላ፣ በባዶ እግሯ።

«እህ፣ ልጄ» አለች እናትዓለም በኩራት። ወዲያው ደግሞ፣ «ጫማሽን ማን ወሰደው?»

ቢያዝን መጣ። «ቁርስ በላሽ?»

የወለላ ከንፈር ተከፈተ። የወጣው ድምፅ ግን የወለላ አልነበረም።

«እህ፣ ጥርኝ አፈር ልሁንልህ፣ በላኩ፣ በሞቴ ዓሣ በላኩ፣ በላኩ።»

ሲኒማ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ ያፏጩ ነበሩ። «ድገሚው» ያሉ ነበሩ። ድምፁም ደገመው፤ ሰሌዳ ባየች ቁጥር እህ፣ መምህር ባየች ቁጥር ጥርኝ አፈር፣ ቃሉን ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ትንፋሹን እየሳበ። ወለላ የገዛ ፊቷን እያየች፣ የገዛ ከንፈሯ ሌላ ሰው ሲናገርበት፣ ወንበሩን ጨብጣ ተቀመጠች። የሌላ ሰው ድምፅ አፏ ላይ ለጥፈውባታል። የእሌኒ ነው ድምፁ። ንግግሩ ግን የእሌኒ አይዶለም፤ ለማንም ሰው ከመሸተቱ በፊት እሷን ሸተታት። መደብ ላይ የተኛችው ሴት ንግግር ነው። ያጎረሰችው እጅ ንግግር ነው።

እናትዓለም ጆሮዋን አቀናች። ከዚያ በጨለማ ውስጥ ሰው ቀስ እንዲል አታውቅምና በሙሉ ድምፅ ተናገረች።

«ይች እሌኒ ናት እኮ።»

«ዝም በይ እማ።»

«እሌኒ ናት። የኔን ነው የምትናገር።» ወደ ልጇ ዞር ብላ፣ «ግን በላኩ ምንድን ነው? እኔ በላኩ ብዬ አውቃለሁ? እንዲህ የሚል የማን አገር ሰው ነው?»

ከፊት ያሉ ሰዎች ዞረው «ባላገር፣ ዝም በይ» አሏት።

እናትዓለም ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ድምፅዋ ወረደ። «ብሉ ማለት ያስቃል እንዴ?» አለች። «እንግዳ ብላ ማለት ምኑ ነው የሚያስቅ?»

ወለላ ተነሣች። ዘይነት ቀሚሷን ልትይዝ ሞከረችና ተወቻት። በመካከሉ መተላለፊያ ወረደች፤ መጋረጃው ፊት ስትቆም ብርሃኑ ዓይኗ ላይ ወደቀ፣ ጥላዋም የገዛ ፊቷ ላይ። ከላይ ያችኛዋ «በላኩ፣ በላኩ» ትላለች።

«እኔ ወለላ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር፤ ደገመችው። «እኔ ወለላ ነኝ። ከቁንዝላ ተነሥቼ እዚህ ደረስሁ። ደረስሁ ነው የምል። ዘጠነኛን ተማርሁ፣ ዐሥረኛን ተማርሁ፣ ሁለቱንም አንደኛ ወጣሁ። በላኩ ያልሁት እናንተን ፈርቼ ነው። እናንተ ናችሁ ያስተማራችሁኝ፤ የእናቴ ቃል አይዶለም። እናቴ እዚያ ተቀምጣለች። እዚህ የሚጮኸው ደግሞ ቤቷ ገብታ በልታ፣ አልጋዋ ላይ ተኝታ፣ ንግግሯን ሰርቃ የወጣችው ናት። እሌኒ፣ ተነሽና ልክ እንደዚህ አድርገሽ ፊቷ በይው።»

እሌኒ አልተነሣችም። ሳቁ እዚህም እዚያም ተንጠባጥቦ ቆመ። ከኋላ አንዱ «በላኩ» ብሎ ጮኸ፤ የሳቀለት አልነበረም። ቢያዝን መጥቶ ክንዷን ያዘ፤ አስለቀቀችውና በራሷ እግር ወጣች።

ውጪ ፀሐዩ ገና ነበር። እናትዓለም ተከትላ ወጣች፤ ዘይነት ክንዷን ይዛታለች። ጥቂት ቆይታ እሌኒ እየሮጠች ደረሰች። ዓይኗ ቀልቷል።

«እትዬ፣ እኔ... ተዋናይት ትሆኛለሽ አሉኝ። እንደዚህ ይስቃሉ አላልኩም። እወድዎት ስለ ነበር ነው የያዝኩት፣ እውነቴን ነው።»

እናትዓለም የቋጠረችውን ዓሣ ከነጠላዋ ሥር አወጣችና አስታቀፈቻት።

«እንኪ፣ ላንች ብዬ ነው ያመጣሁት፤ አልመልሰውም» አለች። «ልጄ፣ የራበሽ ለት ቤቴ ክፍት ነው። ስትገቢ ግን አፍሽን ከደጅ አውልቀሽ ግቢ።»

ከዚያ ዞር ብላም አላየቻት። ልጇንም አላቀፈቻት፤ «ጫማሽን ማን ወሰደው» የሚለውን እንደገና ጠየቀች፤ ወለላ ጫማዋን አሳየቻት።

ሰኞ ማኅበሩ ወለላን ለሂስ አቀረባት። አዳራሹ ሞልቷል። ቢያዝን ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ዓይኗን ማየት አልቻለም። በሕዝብ ፊት የአብዮቱን ፊልም አጥላልታለች፣ የጠላት መሣሪያ ሆናለች ተባለ። ማን እንደ ላካት ተጠየቀች።

«ማንም አልላከኝም። ራሴ ተናገርሁ።»

ከሹም አቦ ልጆች አንዱ ተናገርሁን ሰምቶ፣ ልማድ ነውና፣ ሳቀ። ብቻውን ሳቀ፤ ብቻውን አቆመ።

«ወለላ» አለ ቢያዝን። በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነው። ጎንበስ ብሎ ቀስ አለ። «ግለ ሂስ አድርጊና እንለያይ። ተሳሳትኩ በይ። አንዲት ቃል ናት።»

ወለላ ዘይነትን አየች። ከኋላ፣ መስኮቱ ጥግ፣ እሌኒን አየች። ከአፏ የምትወጣውን ቃል ሁሉም ይጠብቃታል፤ ሁ ትሆን ኩ ትሆን፣ ያ ሁሉ ጆሮ። ለሁለት ዓመት የፈራችው ይህንኑ ጆሮ ነው።

«አልተሳሳትሁም።»

«ምን አልሽ?»

«አልተሳሳትሁም አልሁ። ስትጽፈው እንደ ተናገርሁት ጻፈው፤ አልተሳሳትኩም ብለህ እንዳታበላሽብኝ።»

አላባረሯትም፤ ዳይሬክተሩ አንደኛ የምትወጣ ተማሪ ማጣት አልፈለገም። ከማኅበሩ አስወጧት፤ እስከ ዓመቱ አጋማሽ የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት እንድታጥብ ፈረዱባት። ፊልሙም ጎንደር ሄደ፣ ደሴ ሄደ፤ እግሯ ባልረገጠበት አገር ሰዎች «በላኩ» እያሉ ሳቁ፤ ቁንዝላ ማለት ያ መሰላቸው። ይህን የሚያስተካክል አልተገኘም። ከጓድ መርስዔ ኀዘን ጀምሮ ይቅርታ ያለ የለም።

አንድ ጠዋት የባልትና መምህሯ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆመች። ያችው፣ ትከሻዋ የተንቀጠቀጠው። ወለሉ ነጭ ሆኗል።

«ይህን ማን አጠበው?» አለች፣ ገርሟት።

ወለላ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቀና አለች። ታጥቧል አላለችም።

«እኔ አጠብሁ።»